የመጀመሪያው አግዳሚ

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ በአናጺነት ከኖርኩ 40 ዓመት አልፎኛል። ሙያውን መማር የሚፈልግ ወጣት ሲመጣ መጀመሪያ የማሠራው አንድ ነገር ነው፦ ከግንባታ በተረፈ እንጨት አግዳሚ ወንበር።

ዋንዛ ገዝቶ መጀመር እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ውድ እንጨት የያዘ ጀማሪ ግን እንዳያበላሽ ስለሚፈራ እጁ ይታሰራል። ከተማችን ደግሞ ግንባታ ሞልቶባታል፤ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ የሚፈታው ጣውላና ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በየግቢው ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ፎርማኑን ወይም ጥበቃውን ሳታስፈቅዱ ግን አንዲት ቁራጭ እንዳትነኩ።

እንጨቱን እንዳመጣችሁ መላጊያ አታንሱ። የተጋገረበትን ሲሚንቶ በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፣ አለዚያ ስለቱ ወዲያው ይዶለዱማል። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ ሚስማር ለማግኘት ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ በጣውላው ላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት፤ ሚስማር ካለ ይሳባል።

ቀጥሎ ያለው ማድረቅ ነው፤ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

በ17 ዓመቴ ለእናቴ አግዳሚ ሠራሁላት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ለዓሣ አጥማጆች ሻይ ትሸጥ ነበር። ባሕር ዛፉ ገና እርጥብ ስለነበር ለመጋዝ ይለሰልሳል፤ እኔም በዚያ ደስ አለኝ። ሠርቼ እንደጨረስኩ ወስጄ አስቀመጥኩላት፣ ደንበኞቿም መረቁኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቅ ስል ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን ተወትፏል። እንጨቱ ሲደርቅ ተጣሞ እግሩ ከመሬት ተነስቷል። ካርቶኑ አራት ጊዜ ታጥፏል፣ ሻይ ፈሶበትም ጠቁሯል። እናቴ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ዛሬም እርጥብ ጣውላ በእጄ ስይዝ ያ ካርቶን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ ነፋስ እንዲያልፍ በየመሃሉ ቀጫጭን ቁራጭ አስገቡ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ጫፉ ቀድሞ እየደረቀ ይሰነጠቃል። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርጉበትና በየሳምንቱ የባለሱቅ ሚዛን ላይ አውጡት። መቅለሉን ሲያቆም ደርቋል። ሳምንታት ቢወስድም ይውሰድ።

ልኩ አያስቸግርም። ርዝመቱ 120 ሳንቲ፣ ከፍታው 45 ይሁን። ጣውላው 2.5 ሳንቲ ከሆነ እግሩ 42.5 ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጀማሪ ይህቺን ውፍረት ይረሳል። እኔ ግን 43.5 ቁረጡ እላለሁ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ። እግሮቹን ከሞራሌ አውጥታችሁ ሁለት ሁለቱን ከላይና ከታች በቁራጭ እሰሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ጥንድ በረጅም ማሰሪያ አገናኙ። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለክታችሁ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከመጡ ማዕዘኑ ተስተካክሏል። ለመቀመጫው ሁለት ጣውላ ይበቃል፤ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚሰፋ በመሃላቸው 5 ሚሊ ክፍተት ተዉ።

ባሕር ዛፍ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመታበት ቶሎ ይሰነጠቃል። በቀጭን ድሪል አስቀድማችሁ ብሱት። ድሪል ከሌለ የሚስማሩን ሹል በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ አደንዝዙት። ሹሉ እንጨቱን ፈልቅቆ ሲገባ፣ የደነዘው ግን ክሩን እየቆረጠ ያልፋል።

ምንም ብትጠነቀቁ መጨረሻ ላይ አንዱ እግር ሳይነካ መቅረቱ አይቀርም። አግዳሚውን ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት፤ ካጠረው እግር ሥር እስኪረጋ ድረስ ካርቶን እያጠፋችሁ ክተቱ። ከዚያ 1 ሳንቲ ውፍረት ያላት ቁራጭ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፣ እርሳሱን በላይዋ አስተኝታችሁ የአራቱንም እግር ዙሪያ አስምሩ፣ በመስመሩም ቁረጡ። ያቺ ትርፍ 1 ሳንቲ ለዚህ ነበረች።

ይህን ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። በዚያው ሳምንት መጋዜን ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩና የእናቴን አግዳሚ እዚያው አስተካከልኩት። እሷም ካርቶኑን ከመሬት አነሳችና የሻይ ማንቆርቆሪያው የተጣደበት ከሰል ውስጥ ጨመረችው።