ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ ቤንዚን? የዲሲ ሹፌር ለጠያቂዎቹ

በዲሲና በቨርጂኒያ በሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በባትሪ በሚሄድ መኪና፣ ሰው ሳመላልስ ዓመታት ተቆጠሩ። ተራ ስንጠብቅ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መለስኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነት ያን ያህል ነዳጅ ይቆጥባል?

መልስ፦ የከተማ ሹፌር ከሆንክ፣ አዎ። የቤንዚን መኪና ፍሬን በያዝክ ቁጥር ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሃይብሪዱ ግን የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ቀይ መብራት ላይም ሞተሩ ጸጥ ይላል። በዓመት 30,000 ማይል ብትነዳ፣ በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ መኪና 1,000 ጋሎን ትጠጣለች። 50 የምትሄደው ሃይብሪድ 600 ይበቃታል። የ400 ጋሎኑን ዋጋ በሰፈርህ ማደያ አስላው።

ጥያቄ፦ እኔ ከባልቲሞር በሀይዌይ ነው የምመላለሰው።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ትርፍ ያንሳል። ፍሬን ብዙ ካልተያዘ ባትሪው መልሶ የሚሰበስበው ጉልበት ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ያ መንገድ ሀይዌይ ነው ወይስ ፓርኪንግ?

ጥያቄ፦ ባትሪው ሲመረት አካባቢን ይበክላል፤ ታዲያ ምኑ ተሻለ?

መልስ፦ መበከሉ እውነት ነው። ማዕድኑ ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። ግን የሃይብሪድ ባትሪ ከሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በጣም ያንሳል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል ደግሞ 8.9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ያ 400 ጋሎን ማለት በዓመት 3.6 ቶን ገደማ ነው። ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ የምትወጣ አሮጌ ኮሮላ ካለችህ ግን አትሽጣት። አዲስ መኪና ማምረትም የራሱ ጭስ አለው።

ጥያቄ፦ ባትሪው ቢሞትብኝስ?

መልስ፦ ሁሉም የሚፈራው ይህንን ነው። የእኔም አንድ ቀን ማስጠንቀቂያ መብራት አበራ። መካኒኩ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «ባትሪው አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ቤት ሄጄ ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ ፈታሁ። ፊልተሯ በአቧራና በውሻ ፀጉር ተደፍኗል! ባትሪው በዚያች ቀዳዳ ነው የሚቀዘቅዘው። ጠራረግኩት፣ መብራቱ ጠፋ። ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እዚያ እይ። ደግሞ ካፖርትና ሻንጣ አትከምርባት። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለባትሪው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ በብርድ ወቅት ነዳጅ የጨመረብኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ፣ ቆመህም ሞተሩ ይነሳል። እኔ ደንበኛ ስጠብቅ ጋቢ ነው የምደርበው።