መልስ፦ ለዓመታት የቆመች ፔጆ 205 ጂቲአይ ጥገና ከየት ይጀመር?

ኮምቦልቻ ግቢዎ ውስጥ ለዓመታት የቆመችውን ባለ 1.6 ሊትር ፔጆ ራስዎ ጠግነው ለመንገድ ለማብቃት ከሞተሩ ልጀምር ወይስ ከቀለሙ ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከሁለቱም በፊት ፍሬኑ ይቀድማል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ደካማ ፍሬን የሚምር መንገድ አይደለምና። የፍሬን ዘይት በቆየ ቁጥር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት። የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎችም አንድ በአንድ በጣትዎ አጠፍ አድርገው ይመልከቱ፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየባቸው ይጣሉ። ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም የመኪናዋ እግር (ጎማው) በፍሬን እንደተያዘ ከቀረ፣ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩን በቁልፍ ለማስነሳት አይቸኩሉ። አሮጌውን ቤንዚን ያስወጡ፣ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) ፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ያድርጉና ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። የታይሚንግ ቺንጋው (የፒስተንና የቫልቮችን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው ቀበቶ) ደህና ቢመስልም ይቀየር፤ በዚህ ሞተር ላይ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

የኋላ እግሮቹ ከላይ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ የኋላው አክስል ኩሽኔታዎች አልቀዋል ማለት ነው፤ ይህን ሥራ ግን ልምድ ላለው ባለሙያ ቢሰጡት እመርጣለሁ። ከመኪናዋ ሥር ሲገቡ ደግሞ፣ እባክዎ፣ ክሪክ ብቻ አይመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡላት። ቀለሙ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።