ተዝካሩ ያልወጣለት የኮሪያ ዘማች

ጥያቄ፦ የአያቴ ታላቅ ወንድም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኮሪያ ዘምቶ በዚያው ወደቀ። መርዶው ሲነገር ቤተሰቡ ያየው አስከሬን ስላልነበረ እናቱ «ልጄ ተማርኮ ይሆናል እንጂ አልሞተም» ብለው ተዝካሩ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ እስኪያርፉ ድረስም ከዚሁ ቃላቸው አልተነቃነቁም። አያቴ ዛሬ 82 ዓመታቸው ሲሆን፣ ስለ እሱ ሲያወሩ እስካሁን «ወንድም ጋሼ» ነው የሚሉት። በእጃቸው የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ በጀርባው «ለእናቴ ማስታወሻ ይሁን፣ ጥር 1944» የሚል ጽሑፍና የአንድ አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ማኅተም አለበት። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ «ፋይሉ የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። የት እንደተቀበረ ማወቅ ይቻላል? ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላስ መታሰቢያ ማድረግ ያስነውራል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከሚከብደው ልጀምር። የአያትዎ እናት የያዙት ተስፋ ከእናት የሚጠበቅ ቢሆንም መሠረት አልነበረውም፤ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ጦር ተኩሱ እስከቆመበት ቀን ድረስ አንድም ሰው ለጠላት አልተማረከበትም። ዘማቾቹ ይህን ደረታቸውን ነፍተው ሲናገሩት ኖረዋል፤ ለእኒያ እናት ግን ቀርቦ የሚያስረዳቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ሁለተኛ መርዶ በሆነባቸው ነበር። አልተነገራቸውምና እየጠበቁ አረፉ።

ስለ አስከሬኑ የምነግርዎት ግን የተሻለ ነው። በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ከ120 በላይ ሲሆን፣ አፅማቸው እዚያው አልቀረም፤ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። እንግዲህ ቤተሰብዎ ሰባ ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ነው ሲለው የኖረው ሰው ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ፣ አራት ኪሎ ነው ያለው ማለት ነው። በርካታ ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ በዚያ በር አጠገብ በታክሲ አልፈዋል ብዬ እገምታለሁ።

ፎቶግራፉ ከሚያስቡት በላይ ይናገራል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደርሷል፤ ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1945 እየተተኩ ሄዱ። በጥር 1944 አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው በዚያን ጊዜ ኮሪያ ከነበረው ከመጀመሪያው ሻለቃ ጋር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጋር መዝመቱ ነው፤ እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ወታደር ለእናቱ «ማስታወሻ ይሁን» ብሎ ፎቶ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ሲቃረብ ነውና። ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ስለሆነ የሞተበት ጊዜ ከ1944 አጋማሽ እስከዚያ ቀን ባለው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ይወድቃል። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ፣ ከምሽግ ምሽግ እየተቀያየረ፣ በመካከለኛው ግንባር ተራሮች ላይ ይዋጋ ነበር። ወደፊት መዝገብ ሲያስፈልጉ «የኮሪያ ዘማች» ብቻ ብለው ሳይሆን በሻለቃ ቁጥርና በዓመት ይጠይቁ፤ «ፋይሉ የለም» የሚለው መልስ አንዳንድ ጊዜ «የምፈልግበትን አላውቅም» ማለት ነው።

ከፋይሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ስሙ ነው። በፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ከ40,000 በላይ የወደቁ ወታደሮች ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ የእኛዎቹም ከነዚያ መካከል ናቸው። ነገር ግን ስማቸው የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አንዱ «ወልደ» በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠራበትና ክቡር ዘበኛ ሲገባ ያስመዘገበው ስም ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ የቤት ስሙን፣ የተመዘገበበትን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን አገር በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ቤተሰቡ ለምን ዝም አለ ብለው አያትዎን እንዳይወቅሱ አደራ። ጃንሆይ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ቹንቾን ሄደው የኢትዮጵያውያንን መታሰቢያ ሐውልት ሲመርቁ ኮሪያ መዝመት ትልቅ ክብር ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ያው ክብር የሚደበቅ ነገር ሆነ፤ ኒሻኑን ሸሽጎ ያኖረ ዘማች ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ ለዘማቾቹ መታሰቢያ የቆመው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ወደ ተዝካሩ ስመጣ፣ የሚያስነውር ነገር አይታየኝም። ሥርዓቱ እንዴት ይሁን የሚለውን የአያትዎ የንስሐ አባት ይወስኑ፤ እኔ የማውቀው በቤተ ክርስቲያን የሙት ስም ሲነሣ «ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው?» ተብሎ እንደማይጠየቅ ነው። የሚጠየቀው ክርስትና ስሙ ነው። ይህ ስም ደግሞ በፑሳን ድንጋይ ላይም፣ በመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥም የለም። ምናልባት በሕይወት ካሉት ሰዎች መካከል የሚያውቁት አያትዎ ብቻ ይሆናሉ፤ እሳቸው ካላወቁት በተወለደበት አገር የክርስትና አባቱን ዘመዶች ማፈላለግ ይኖርብዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አያትዎ «ወንድም ጋሼ» የሚሉት ስሙን ረስተውት ላይሆን ይችላል፤ በጥንቱ ወግ ታናሽ የታላቁን ስም በአፉ አይጠራም። እርስዎም በጥያቄዎ ውስጥ ስሙን አንድም ቦታ አልጻፉም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ ሲቀመጡ ፎቶግራፉን በእጃቸው ይስጧቸውና ክርስትና ስሙን ይጠይቋቸው። ሲነግሩዎ እዚያው በጀርባው፣ እሱ ለእናቱ ከጻፈው ሥር፣ በእርሳስ ይጻፉት። መንገዱን ከቻሉ ደግሞ እሳቸውን ይዘው ወደ ሥላሴ ይምጡ፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ቀብሩን አላዩም።