ሰንጢዬ ቲማቲም እንኳን አልቆርጥ አለችኝ!

ጥያቄ፦ አጎቴ ከስዊዘርላንድ ሲመጣ ቀይዋን ቪክቶሪኖክስ ሰንጢ አመጣልኝ፣ ማንኪያ መቅረጽ ጀምሬ ነበር ግን ዶለዶመችብኝ፣ ደጃፋችን ሲሚንቶ ላይ ብስላት ጭራሽ ባሰባት። ምን ላድርግ? በየትኛው እንጨትስ ልለማመድ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ ሲሚንቶውን ተወው! ስለቱን ይቦጫጭቀዋል እንጂ አይስለውም። 1000 ቁጥር (ቁጥሩ የድንጋዩን ልስላሴ ነው የሚናገረው) በውሃ እየረጠበ የሚስል መሳያ ድንጋይ ካገኘህ አሪፍ ነው፣ ካጣህ ግን የቡና ሲኒ ገልብጥና ከሥሩ ያለውን ሻካራ ክብ ተጠቀም፣ እኔ ራሴ እናቴ ሳታየኝ እንደዛ ነው የጀመርኩት። ዋናው አንግሉ ነው፣ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ ማለት ሰንጢዋን አስተኝተህ ጀርባዋን ትንሽ ብቻ ቀና ታደርጋለህ፣ ከዛ እጅህ ሳይወዛወዝ ቀስ እያልክ አንዱን ጎን ትስላለህ፣ በሌላኛው ጎን ከስለቱ ወደ ውጪ በጣትህ ስትዳብስ ፀጉር የመሰለ የብረት ጠርዝ ከያዘህ ገልብጠህ ትደግመዋለህ። ሲያልቅ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባዋን እያስቀደምክ አስር ጊዜ ጎትታት።

እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፣ ለስላሳ ነው። ወይራ ያምራል ግን ለጀማሪ እልህ ያስጨርሳል።

አንድ ነገር ግን፣ ያቺ ቀይዋ ብዙዎቹ ሞዴሎቿ መቆለፊያ የላቸውም፣ በጫፏ እየወጋህ ጉድጓድ ለመቆፈር ከሞከርክ ጣትህ ላይ ትታጠፋለች። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ግን ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚዞር የብረት ቀለበት አለው፣ ስለቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የእኔ ሌባ ጣት ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው ይሄን ሳላውቅ በፊት ነው 😅