ከደመወዝ ግብር የማይቀነስ ወጪ

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ፓይለት ለመሆን በራሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ስቀጠር ወጪው ከደመወዝ ግብሬ ይታሰብልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አይታሰብም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደመወዝ የሚወድቀው ሠንጠረዥ «ሀ» ላይ ነው። እዚያ ለትምህርት ያወጣኸውን የሚቀንስልህ የለም።

ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ። ያኔ ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነበር። ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ደንበኛ ነበረኝ። ሰውየው ለሚስማር ግዢ እንኳ ደውሎ የሚያማክረኝ ነበር። አንድ ቀን ልጁን አስከትሎ መጣና ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። የበረራ ትምህርት ቤት ደረሰኝ ነው። ለንግድ በረራ ፈቃድ እንደ ፕሮግራሙ 150 ወይም 200 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ የሚከፈለውም በየሰዓቱ ነው።

«ከሱቁ ካዝና ነው የወጣው። ወጪ አድርገህ ያዝልኝ» አለኝ።

«ከካዝናው ይውጣ እንጂ ለሱቁ አልወጣም።»

«ልጄ እኮ ነው!»

«የማይያዘውም ለዚሁ ነው።»

ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። ከንግድ ገቢ ላይ የሚቀነሰው ገቢውን ለማግኘት የግድ የወጣ ወጪ ነው፤ የቤተሰብ ወጪ አይገባም። አባት ግብር በተከፈለበት ትርፍ አስተማረ። ልጁ ደግሞ ተቀጥሮ ግብር ከተቆረጠበት ደመወዙ ለአባቱ መመለስ ጀመረ። በአንድ ብር ሁለቴ መቀረጥ ማለት ይሄ ነው። የሚቆጨኝ ሳይነግሩኝ ከፍለው መጨረሳቸው ነው። ቀድመው ቢመጡ ሕጉን አልቀይርላቸውም፤ ሂሳቡን ግን አሠራቸው ነበር።

ሰውየው ያደገው ልደታ ነው። ቦሌ ሳይከፈት አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያው ሰፈር ነበር። የበረራ ፍቅሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ለልጁ አወረሰው።

ሂሳቡ ይሄውላችሁ። በ2017 በተሻሻለው ሕግ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። እዚያ እርከን ላይ ለትምህርቱ ያወጣችሁትን 1,000 ብር ለመመለስ ወደ 1,540 ብር ማግኘት አለባችሁ፤ 1,000ን ለ0.65 ማካፈል ነው። ጡረታውን ገና አልነካሁትም። የዛሬ ልጆች ደግሞ የዩኒፎርም ፎቶ ይለጥፋሉ እንጂ ይህቺን ሂሳብ አይሠሯትም። ቲክቶክ ላይ ያየውን «ይቀነሳል» የሚል ቪዲዮ ያሳየኝም አለ፤ የሌላ አገር ሕግ ነው። ለነገሩ ያ የደንበኛዬ ልጅ ይህን ሂሳብ ቀድሞ ቢያውቅስ ይተወው ነበር? አይመስለኝም። እኔም ተወው አልለውም ነበር።

አሠሪ ከፍሎ ሲያስተምር ነገሩ ሌላ ነው። ወጪው የድርጅቱ ይሆናል፤ እናንተ ዋስ ጠርታችሁ የአገልግሎት ግዴታ ትፈርማላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ብትለቁ ስንት እንደምትመልሱ አንብቡ። በራሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ አጎት በድርጅቴ ስም ደረሰኝ አስቆርጥ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ኦዲተር መጥቶ ሲጥለው ቅጣቱ የሚያርፈው አጎት ላይ ነው።