መልስ፦ የኤፍ ሻርፕን |> ወደ ሃስኬል ማምጣት
ኤፍ ሻርፕና ሃስኬል የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው፤ |> በኤፍ ሻርፕ በግራው ያለውን እሴት በቀኙ ላለው ፈንክሽን የሚያስረክብ ምልክት ነው። የጠየቅከው ይህን ምልክት ሃስኬል ውስጥ ራስህ ስትጽፈው ለምን ያልጠበቅከው ውጤት እንደመጣ ነው።
3 + 4 |> ኔጌት (የቁጥርን ምልክት የሚገለብጥ ፈንክሽን) ብለህ -7 ስትጠብቅ -1 የመጣብህ፣ ለጻፍከው |> የቅድሚያ ደረጃ (የትኛው ስሌት ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስን ቁጥር፤ ከፍ ያለው ይቀድማል) ስላልሰጠኸው ነው። ሃስኬል ደረጃው ያልተነገረውን ኦፕሬተር (እንደ + ያለ ምልክት) 9 ላይ ያስቀምጠዋል። የመደመር ደረጃ 6 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 4ን ብቻ ይዞ ኔጌት ያደርጋል፤ 3 የሚደመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፍቺው በላይ «ኢንፊክስኤል 1 |>» የምትል፣ ደረጃውን 1 የምታደርግ አንዲት መስመር ጨምር። ይስተካከላል።

እኔ ግን ራስህ ባትጽፈው ይሻላል ባይ ነኝ። ያው ነገር & ተብሎ ዳታ.ፈንክሽን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ውስጥ ተዘጋጅቶ አለልህ፤ ደረጃውም 1 ነው። ኢምፖርት አድርገህ

[1..10] & ፊልተር ኢቨን & ማፕ (*2) & ሰም

ብትል ከ1 እስከ 10 ካሉት ተጋማሽ ቁጥሮችን መርጦ፣ እያንዳንዱን በ2 አባዝቶና ደምሮ 60 ይሰጥሃል። ልክ እንደለመድከው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ምልክቱን ዓይንህ እስኪለምደው ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዳታ.ሲኩዌንስ የተባለው ሞጁል የራሱ |> አለው፤ ሥራውም ሌላ ነው፣ ተከታታዩ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። የራሴን |> ብዙ ፋይል ውስጥ ከበተንኩ በኋላ ይህን ሞጁል ሳስገባ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) የትኛውን እንደምፈልግ መለየት አቃተው። ቀኑን ሙሉ ፋይል በፋይል ወደ & ስቀይር ዋልኩ።