ለቁም ሳጥን ሄዶ ሻማ ይዞ ላለመመለስ

ኢኬያ (ትልቁ የስዊድን የቤት ዕቃ መደብር) ለቁም ሳጥን ሄደሽ ሻማና ትራስ ተሸክመሽ እንዳትመለሺ ከፈለግሽ፣ ማሳያ ክፍሎቹን አትርገጪ። መንገዱ ሁሉንም ክፍል እንዲያዞርሽ ተብሎ ነው የተሠራው፤ የሚያማልልሽ ተነጥፎና መብራት በርቶ የምታዪው ሳሎን ነው።

ቤትሽ ሆነሽ ድረ ገጹ ላይ ዕቃውን ምረጪ፣ ዕቃውን ራስሽ የምታነሺበትን የመደብሩን መጋዘን ረድፍና የመደርደሪያውን ቁጥር ያዢ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ። ዋጋው የቀነሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጠፍጣፋውን ካርቶን አውርደሽ፣ ጭነሽ የምትገጣጥሚው አንቺው ነሽ። (መውጫው ላይ የሚሸጠውን ሆትዶግ አልከለክልሽም።)

የሰው ቤት ስገጣጥም ደጋግሜ የማየው ግን፣ የግድግዳ ማሰሪያው ከካርቶኑ ጋር ይጣላል። አትጣዪው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ያህል የኢኬያ ባለመሳቢያ ዕቃዎች እንዲመለሱ የተጠራው፣ ግድግዳ ላይ ካልታሰሩ ልጆች ላይ ስለሚወድቁ ነበር፤ የሞቱም አሉ።